የእቴጌ መነን ስለት

ልጆች ሆይ፤ በአዲስ አበባ ከተማ ከለገሃር ተነሥታችሁ ወደ አራዳ ብትወጡ የምትሄዱበት ሰፊ መንገድ ቸርችል ጎዳና ይባላል። መንገዱ ዳገት ነው፤ ሸክም የያዘ ሰው ከመካከሉ ላይ ቆሞ ትንፋሹን ሳይሰበስብ አይወጣውም። በግርጌው የድሮው የባቡር ጣቢያ አለ፤ ዛሬ ባቡር አይነሣበትም። በራስጌው የማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ይታያል፤ ከዚያም ጥቂት እልፍ ሲሉ ስምንት ማዕዘን ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ጎዳናው በእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር በዊንስተን ቸርችል ስም ተሰይሟል። በ1933 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከፋሺስት እጅ ስትወጣ የእንግሊዝ ጦር ከአርበኞቻችን ጋር ተሰልፎ ነበርና፣ የዚያ ዘመን ውለታ በመንገድ ስም ተጽፎ ይኖራል።

ዛሬ የምናነበው ታሪክ በዚህ ዳገት ላይና በዚህ ዳገት ሥር የደስታቸውንም የኀዘናቸውንም ቀን ስላዩ ስለ አንዲት ንግሥት ነው። እርሳቸውም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባለቤት እቴጌ መነን አስፋው ናቸው።

እቴጌ መነን የተወለዱት በወሎ በአምባሰል ነው። አባታቸው ጃንጥራር አስፋው ይባላሉ፤ ጃንጥራር የአምባሰል ገዥ የሚጠራበት የቆየ ማዕርግ ነው። እናታቸው ወይዘሮ ስሂን የወሎው ንጉሥ የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ነበሩ። አምባሰል የግሸን ማርያም አገር ናት። ግሸን እንደ መስቀል ቅርጽ ያላት ከፍተኛ አምባ ስትሆን፣ የጌታችን የመስቀሉ ግማድ በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ወደዚያ እንደ ገባ አባቶች ያስተምራሉ። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ከሩቅም ከቅርብም ሕዝብ ወደ አምባው ይወጣል፤ የሚበዛውም በእግሩ ነው። አንዱ ዕጣን ይይዛል፤ አንዱ ጧፍ፤ አንዱም ምንም የሌለው እንደ ሆነ ድንጋይ ተሸክሞ ለሕንፃው ሥራ ያወጣል። እንዲህ ባለ አገር የተወለደ ልጅ፣ ስለት ምን እንደ ሆነ ማንም ሳያስተምረው ያውቃል።

በሐምሌ ወር 1903 ዓ.ም. ወይዘሮ መነን የሐረርጌውን ገዥ ደጃዝማች ተፈሪ መኰንንን አገቡ። ስድስት ልጆችም ወለዱላቸው። የዚያ ዘመን ፖለቲካ ለእርሳቸው ቀላል አልነበረም፤ በ1909 ዓ.ም. በሰገሌ ጦርነት በአንድ ወገን አያታቸው ንጉሥ ሚካኤል፣ በሌላው ወገን የባላቸው ወገኖች ተሰልፈው ተዋግተዋልና። አያታቸው ተሸንፈው ተማረኩ። ይህ ነገር ረጅም ስለ ሆነ ለታሪክ ትምህርት እንተወዋለን።

አሁን ወደ አራዳ እንመለስ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ራሱ የምስጋና ቤት ነው። አፄ ምኒልክ ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ የቅዱስ ጊዮርጊስን ታቦት አስይዘው ሄዱ፤ ድሉም የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። በወር በወሩ 23ኛው ቀን የቅዱስ ጊዮርጊስ መታሰቢያ መሆኑን ታውቃላችሁ። ስለዚህ ንጉሠ ነገሥቱ ከድሉ በኋላ ለዚህ መታሰቢያ እንዲሆን ዛሬ የምናየውን ሕንፃ በአራዳ አሠሩ። ሰው ድል ሲያገኝ ጉልበቱን ያመሰግናል፤ እርሳቸው ግን ከዘመቻ በፊት የለመኑትን አምላክ ከዘመቻ በኋላ አልረሱም።

በዚህ ቤተ ክርስቲያን ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ንጉሥ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ነገሡ። ያም ቀን ደግሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን ነበረ። በዋዜማው ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የአፄ ምኒልክ የፈረስ ሐውልት ተመርቆ ነበር። ከብዙ መንግሥታት የተላኩ እንግዶች ተሰብስበው ሳሉ ጳጳሱ አቡነ ቄርሎስ ንጉሠ ነገሥቱን ቀቡ፤ ዘውድም ጫኑላቸው። በቀድሞው ልማድ የንጉሠ ነገሥቱ ባለቤት ዘውድ የሚደፉት ቀናት ዘግይተው ነበር፤ እቴጌ ጣይቱም እንዲሁ ከአፄ ምኒልክ በኋላ በሌላ ቀን ነግሠዋል። እቴጌ መነን ግን በዚያው ቀን በባላቸው አጠገብ ነገሡ። የደፉት ዘውድ በወርቅና በዕንቁ የተሠራ ነበር። ይህን ዘውድ በልባችሁ ያዙት፤ ታሪካችን ወደ እርሱ ይመለሳል።

እቴጌይቱ ከነገሡ በኋላ እጃቸውን አልሰበሰቡም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1931 በአዲስ አበባ በስማቸው የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ተከፈተ። በዚያ ዘመን ሴት ልጅን ትምህርት ቤት መስደድ ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ነበረ፤ ማንበብ የቄስና የደብተራ ሥራ፣ የሴት ሥራ ግን ወፍጮና እንዝርት ብቻ ይመስል ነበርና። ይህን መጽሐፍ በእጅዋ ይዛ የምታነብ ልጅ ካለች፣ ከእርስዋ በፊት መንገዱን የጠረጉ መኖራቸውን ትወቅ። ደግሞም በቅድስት አገር በዮርዳኖስ ወንዝ ዳር የኢትዮጵያ መነኮሳት የሚጸልዩበትን የቅድስት ሥላሴን ገዳም አሠሩ። በኢየሩሳሌም ላሉ መነኮሳት መለገስ የኢትዮጵያ ነገሥታትና ንግሥታት የቆየ ልማድ ነው፤ ከእርሳቸው በፊት እቴጌ ጣይቱና ንግሥት ዘውዲቱም በዚያች ከተማ ቤት አሠርተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ እውነትን ማጉደል ይሆንብናል። ንግሥት የምትሰጠው ገንዘብ ከየት ይመጣል? በዚያ ዘመን የቤተ መንግሥት ሀብት የሚሰበሰበው ከገበሬው ግብር ነው። አርሶ፣ አጭዶ፣ ወቅቶ፣ ከጎተራው ቀንሶ የሚከፍለው ሰው ስሙ በሕንፃው ደጅ አይጻፍም። ስለዚህ በነገሥታት እጅ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ስማቸው የማይታወቅ የብዙ ሰዎች መባ አለበት። ጌታችንም በመቅደስ ተቀምጦ ባለጠጎች ብዙ ሲጥሉ ባየ ጊዜ ያመሰገነው ሁለት ትንንሽ ሳንቲም የጣለችውን መበለት ነው፤ እነዚያ ከትርፋቸው ሰጡ፣ እርስዋ ግን መኖሪያዋን ሰጠች። እኛም የእቴጌ መነንን ስጦታ ስንመዝን ስለ ትምህርት ቤቱና ስለ ገዳሙ እናመሰግናቸዋለን፤ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ልናስበው የሚገባን የመጣው ከትርፋቸው ያልሆነው ስጦታ ነው።

በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አገራችንን ወረረ። ጦርነቱ ገና ሲቃረብ እቴጌይቱ በሬዲዮ ለዓለም እናቶች ልመና አሰምተው ነበር። በከተማውም የሴቶች ማኅበር ተቋቁሞ ወይዛዝርቱ ለወታደሮች ልብስና የቁስል መጠቅለያ ያዘጋጁ ነበር። ይሁን እንጂ የአውሮፕላን ቦምብና የመርዝ ጋዝ በጨርቅ መጠቅለያ የሚመለስ አይደለም። በማይጨው ጦራችን ተሸነፈ፤ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ ሰብ በባቡር ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ጅቡቲ ወረደ። ከዳገቱ ራስጌ ዘውድ ከደፉበት ቀን አንሥቶ ከዳገቱ ግርጌ በሚነሣው ሐዲድ እስከ ተሰደዱበት ቀን ድረስ ስድስት ዓመት እንኳ አልሞላም።

ከጅቡቲ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ሐይፋ፣ ከዚያም ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ጄኔቭ ሄደው በመንግሥታት ማኅበር ፊት የአገራቸውን በደል አሰሙ። ኋላም ቤተ ሰቡ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ፌርፊልድ በሚባል ቤት ተቀመጠ። እቴጌይቱ ወይና ደጋና ደጋ የለመዱ ስለ ነበሩ የእንግሊዝ አገር ቅዝቃዜና ዝናብ አልተስማማቸውም። ገንዘብም አጠረ፤ የብር ዕቃቸውን እስከ መሸጥ ደረሱ። ከአገር ቤት የሚደርሰው ወሬ ደግሞ ከብርዱ የከፋ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ ለፋሺስት አልገዛም በማለታቸው በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ፤ ሐውልታቸው ዛሬ በአራዳ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሳይርቅ ቆሞ ይታያል። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በከተማው ሕዝብ ላይ ጭፍጨፋ ሆነ፤ በዚያም ሰሞን ፋሺስቶች የቅዱስ ጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን በእሳት አቃጠሉት። እቴጌይቱ የነገሡበት ቤት ተቃጠለ ማለት ነው።

ሰው ብዙ ነገር ሲያጣ ሁለት ዓይነት መንገድ አለው። አንዱ ዝም ብሎ መመረር ነው፤ ሁለተኛው መለመን ነው። እቴጌ መነን በስደት ሳሉ ቅዱሳት ቦታዎችን እየተሳለሙ ስለ አገራቸው ይጸልዩ ነበር። ከነዚያ ቦታዎች አንዱ በቤተ ልሔም የሚገኘው የልደት ቤተ ክርስቲያን ነው። ይህን ቤተ ክርስቲያን ያዩ ሰዎች አስቀድመው የሚናገሩት ስለ በሩ ነው። በሩ እጅግ አጭር ነው፤ ገበሬም ቢሆን ንጉሥም ቢሆን ጎንበስ ሳይል አይገባበትም። ከውስጥ ወደ ታች የምታወርድ ደረጃ አለች፤ ከታችም ጌታችን የተወለደበት ዋሻ አለ፤ ቦታውንም የብር ኮከብ ያመለክተዋል።

በሕይወት ታሪካቸው እንደሚነገረው፣ እቴጌይቱ በዚያ ቦታ ለእመቤታችን ስለት ተሳሉ። አገራቸው ከጠላት እጅ ነጻ ብትወጣ የነገሡበትን ዘውድ ለዚያ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሰጡ ቃል ገቡ።

ስለ ስለት ጥቂት እንናገር፤ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይሳሳቱበታልና። አንዳንድ ሰው ስለትን እንደ ገበያ ያየዋል፤ ይህን ብትሰጠኝ ይህን እሰጥሃለሁ እያለ ከአምላኩ ጋር ይከራከራል። እግዚአብሔር ግን ዘውድም ጃንጥላም የሚያስፈልገው አይደለም፤ ወርቁንም የፈጠረው እርሱ ነው። ስለት ማለት የተደረገልን ነገር እንዳይረሳን በልባችን የምናስረው ክር ነው። ሰው የሚረሳ ፍጥረት ስለ ሆነ ክር ያስፈልገዋል።

ደግሞም ስለት በተሳሉበት ቀንና ስለት በሚከፍሉበት ቀን መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። አንድ ልጅ በወባ ታሞ ተኝቶ ሳለ፣ ከዳንሁስ ዶሮዬን ለቤተ ክርስቲያን እሰጣለሁ ብሎ በልቡ ያስባል እንበል። በዚያ ጊዜ ዶሮዪቱ ምንም አትመስለውም፤ ምግብ እንኳ አይበላም። ከሁለት ወር በኋላ ግን ልጁ ድኖ ይሮጣል፤ ዶሮዪቱም እንቁላል መጣል ጀምራለች። አሁን ነገሩ ይከብደዋል። እንቁላልዋን ሸጬ ልስጥ ይላል፤ ኋላም ጫጩት ስትፈለፍል አንዱን እሰጣለሁ ይላል፤ ጫጩቱንም ጭልፊት ይወስደዋል። እንዲህ እያለ ስለቱ ይቀራል። ጌታችን ካነጻቸው ከዐሥሩ ለምጻሞችም ዘጠኙ የቀሩት እንዲህ ይመስለናል፤ ክፉዎች ስለ ሆኑ አይደለም፤ ጤና ስላገኙ ብዙ ሥራ ነበራቸው። አንዱ ብቻ ሥራውን ትቶ ለምስጋና ተመለሰ፤ እርሱም እንግዳ አገር ሰው ነበረ።

እቴጌይቱም ዘውዱን የተሳሉት ዘውድ በማይደፉበት ጊዜ ነው። አገር የሌላት ንግሥት ዘውዷን ምን ታደርገዋለች? በባዝ ብርድ ውስጥ ከዘውድ ይልቅ የእንጨት ምድጃ ይጠቅማል። ስለዚህ በዚያች ቀን ስለቱ ቀላል ነበር ብንል አንሳሳትም። የከበደው ኋላ ነው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ጠላት ከተማውን በያዘ ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ፤ እቴጌይቱም በዚያው በአውሮፓውያን ዓመት ተከትለው ተመለሱ። ቤተ መንግሥት ተመለሰ፤ ዙፋን ተመለሰ፤ የሚሰግድ አሽከር፣ የሚመጣ እንግዳ፣ የሚደረግ ግብር ሁሉ ተመለሰ። አሁን ዘውድ ያስፈልጋል። ከሩቅ አገር የሚመጡ መልእክተኞች የንግሥት ራስ ያለ ዘውድ ቢያዩ ምን ይላሉ? ስለቱንም ማንም ሊያስከፍላቸው አይችልም፤ ዳኛ የለበትም፤ ውል አልተጻፈበትም። ስጦታውን በሌላ ወርቅ መለወጥም ይቻል ነበር፤ አንድ አንጥረኛ ተመሳሳይ ዘውድ ሠርቶ ያን መላክ ይችላል፤ እመቤታችንም አትከስም።

እርሳቸው ግን በቅዱስ ጊዮርጊስ የነገሡበትን ያንኑ ዘውድ ወደ ቤተ ልሔም ላኩ። ከዚያ በኋላ ሙሉ ዘውድ ደግመው አልደፉም። በኋለኛው ዘመን በተነሡት ፎቶግራፍ ላይ ብታዩአቸው በራሳቸው ላይ ያለው ትንሽ የራስ ጌጥ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ዘውዳቸው ነበራቸው፤ እርሳቸው ግን እስከ ሞት ድረስ ያለ ዘውድ ንግሥት ሆነው ኖሩ።

አንድ አስተዋይ ተማሪ ምናልባት እንዲህ ብሎ ይጠይቃል፦ አገሩ በጦርነት ፈርሶ፣ ወላጅ የሞተባቸው ልጆች በየመንገዱ ሞልተው ሳለ፣ ያ ወርቅ ተሽጦ ለድሆች ቢሰጥ አይሻልም ነበርን? ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ በቢታንያ ሴቲቱ የከበረውን ሽቱ ባፈሰሰች ጊዜም ተጠይቋል። እኛ ጥያቄውን የሚንቅ መልስ አንሰጥም፤ ድሀን የሚያስብ ልብ መልካም ነውና። ነገር ግን ዘውዱን ሰጥቻለሁ ብለው እቴጌይቱ ከድሆች ፊት እጃቸውን አላጠፉም። በስማቸው የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ተቋቁሞ ብዙ ሴቶች ሽመናና ስፌት ተምረው እንጀራቸውን አገኙ፤ የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበርና የቀይ መስቀልም ጠባቂ ነበሩ። ከሰው ልጅ ልማድ እንደምናየው፣ ለመቅደስ የሚሰጠውና ለድሀ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው፤ ለድሀ ይሻል ነበር እያለ የሚከራከረውም ብዙ ጊዜ ለሁለቱም አይሰጥም።

አሁን ወደ ከባዱ ቦታ ደርሰናል።

እቴጌይቱ ከጦርነቱ አስቀድሞ ልዕልት ዘነበወርቅ የተባለች ልጃቸው ሞታባቸው ነበር። ልዕልት ፀሐይ የምትባለው ልጃቸው ግን በስደት ሳለች ጊዜዋን በከንቱ አላሳለፈችም፤ በለንደን በሕፃናት ሆስፒታል ገብታ የአስታማሚነት ሙያ ተማረች። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ሆና የሕሙማንን አልጋ አነጠፈች፤ ቁስል አጠበች። ዕቅዷ ወደ አገርዋ ተመልሳ ሕዝቧን ማገልገል ነበር። ተመለሰችም፤ አገባችም፤ ከባልዋ ጋር ወደ ወለጋ ወደ ለቀምት ሄደች። በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. በዚያ ሞተች፤ የሞተችውም ከወሊድ የተነሣ ነው።

ልጆች ሆይ፤ እስቲ አስቡት። ዘውዱ ተሰጥቷል፤ ምስጋናው ደርሷል፤ አገር ነጻ ከወጣች ገና አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ነው። በዚህ ጊዜ ሞት መጣ። ስለትን እንደ ገበያ የሚያይ ሰው ቢሆን ተታለልሁ ባለ ነበር። እናት ናቸውና እቴጌይቱ ምን ያህል እንዳለቀሱ ለመገመት መጽሐፍ አያስፈልግም። ነገር ግን ዘውዱን አላስመለሱም፤ ጸሎታቸውንም፣ ጾማቸውንም፣ ምጽዋታቸውንም አላቋረጡም።

ስለ ልዕልቲቱ ደግሞ ሌሎች ሰዎች ምስጋና አደረጉ። የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበሩት እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክኸርስት በአገራቸው ገንዘብ ሲያሰባስቡ ቆይተው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1951 በአዲስ አበባ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ተከፈተ። በእንግሊዝ አገር ኢትዮጵያን በዓይናቸው ያላዩ ሰዎች ለዚህ ሥራ ገንዘብ አወጡ። ንጉሠ ነገሥቱም በ1958 በአውሮፓ አቆጣጠር የስደት ቤታቸውን ፌርፊልድን ለባዝ ከተማ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች መጠለያ እንዲሆን ሰጡ። ውለታ እንዲህ ነው፤ ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል፤ ባሕር ተሻግሮ ይመለሳል።

በግንቦት ወር 1949 ዓ.ም. ሌላው ልጃቸው የሐረር መስፍን ልዑል መኰንን በመኪና አደጋ ሞቱ። ከዚህ በኋላ የእቴጌይቱ ጤና እየደከመ ሄደ። በዚያው ዘመን በአክሱም አዲስ የጽዮን ማርያም ካቴድራል እየተሠራ ነበር፤ እርሳቸውም ከገንዘባቸው ብዙ ለገሡለት። ይህ ስጦታ አንድ ልብ የሚነካ ነገር አለበት። ወደ ድሮው የአክሱም ጽዮን ቤተ ክርስቲያን ሴት አትገባም፤ እንደ ሥርዐቱ ከውጭ ሆና ትሳለማለች። አዲሱ ካቴድራል ግን ወንዱም ሴቱም የሚጸልይበት ነው። እቴጌይቱ ያቺን ቤት ተሠርታ ስታልቅ፣ ሴቶችም ሲገቡባት ለማየት አልበቁም፤ ከመመረቅዋ አስቀድሞ የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ። ከሁለት ወር በኋላም የመጨረሻው ልጃቸው ልዑል ሣህለ ሥላሴ ሞቱ።

የተቀበሩት በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። ንጉሠ ነገሥቱም ከብዙ ዘመን በኋላ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. አፅማቸው በዚያው በክብር ዐረፈ። ዛሬ ሁለቱ በድንጋይ መቃብር ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ የሚያይ ሁሉ ሊያያቸው ይችላል። በእሳት የተቃጠለውም የአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከነጻነት በኋላ ታድሶ እስከ ዛሬ ይቀደስበታል።

በወሩ 23ኛ ቀን ማለዳ በቸርችል ጎዳና የሚሄድ ሰው ነጠላ ያጣፉ ሰዎች ወደ ላይ ሲወጡ ያያል። ከነርሱ መካከል አንዳንድ ጊዜ በጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ተሸክማ የምትወጣ እናት አለች። የተሸከመችው ጥለት ያለው የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ነው። ስለ ምን እንደ ተሳለች አይታወቅም፤ ስለ ልጅ ይሆናል፤ ስለ ባልዋ ጤና ይሆናል። ከዳገቱ መካከል ትቆማለች፤ ጥቅሉን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ታዛውራለች፤ ከዚያም ትወጣለች። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ደጅ ስትደርስ ትሳለማለች፤ ጃንጥላውንም ለካህኑ ትሰጣለች። ካህኑ ተቀብሎ ወደ ውስጥ ያስገባዋል፤ እርስዋም ቅዳሴውን አስቀድሳ ስትጨርስ ባዶ እጅዋን ወደ ቤትዋ ትወርዳለች።